ማቻ ለምን ተወደደ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ከቨርጂኒያ ስትመጣ ከሻንጣዋ አንዲት ቆርቆሮ አወጣች። ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ታንሳለች። እናቴ ክዳኗን ከፍታ አሸተተች። ውስጧ የላመ አረንጓዴ ዱቄት ነው።

«ሽፈራው ነው?» አለች።

«አይደለም እማማ፣ ማቻ ነው። የጃፓን ሻይ። 30 ግራም ብቻ ነው። የገዛሁበትን ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ።»

እኔ ደግሞ ባለሙያ ልሁን ብዬ ተነሳሁ። ዱቄቱን በሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩ፣ ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት፣ አማሰልኩ። ጓጎለ። ከላይ ውሃ፣ ከታች ጭቃ። እናቴ አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ጃፓኖች ይህን ጠጥተው ነው መቶ ዓመት የሚኖሩት?»

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። «ማቻ ተወደደ» ብንል በአማርኛ በሁለቱም በኩል ልክ ነው። ሰው ወደደው፤ ዋጋውም ናረ። ሌላ ሸቀጥ ሲወደድ ፋብሪካ ይጨመራል፣ ገበያው ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ማቻ ላይ ግን እስካሁን ይህ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ለማወቅ ከማሳው መጀመር ይሻላል።

ማቻ የተለየ ተክል አይደለም። ጥቁር ሻይም፣ አረንጓዴ ሻይም፣ ማቻም የሚመጡት ከዚያው ከሻይ ተክል ነው። ከውሽውሽ ቅጠል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የሚለያዩት ከቀንበጡ እስከ ስኒው ድረስ ባለው መንገድ ነው።

ጃፓን ውስጥ ብርዱ አልፎ ተክሉ ለጋ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር የማቻ ገበሬ ማሳውን ያለብሰዋል። እንደ ሠርግ ዳስ በሉት። ድሮ የዳሱ ጣሪያ ሸምበቆና የሩዝ ገለባ ነበር፤ ዛሬ በብዛት ጥቁር መረብ ነው። ተክሉ ከ3 እስከ 4 ሳምንት እዚያ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ፀሐይ ስለተነፈገ ያገኛትን ትንሽ ብርሃን ለመያዝ አረንጓዴ ቀለሙን ያበዛል። ያ የሚያበራ አረንጓዴ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ጣዕሙም ከዚያው ዳስ ነው። የሻይ ተክል በሥሩ ቲያኒን የሚባል አሚኖ አሲድ እየሠራ ወደ ቅጠሉ ይልካል። ቅጠሉ ፀሐይ ሲያገኝ ቲያኒኑ ካቴኪን ወደሚባል ነገር ይቀየራል። ካቴኪን ማለት ሻይ ሲጠነክር አፍ የሚያኮማትረው ነው። በጥላ ሥር ግን ይህ ለውጥ ስለሚቀንስ ቲያኒኑ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ ማቻ መራራነቱ ትንሽ ሆኖ ከሥሩ የተቀቀለ ሥጋ መረቅ ወይም እንጉዳይ የሚመስል ጣዕም አለው። ጃፓኖች ኡማሚ ይሉታል። እናቴ የቀመሰችው ይህን አልነበረም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ቅጠሉ ሲለቀም ሳይውል ሳያድር በእንፋሎት ይመታል። አለበለዚያ አየሩ ያጠቁረዋል። ጃፓኖች ቤታቸው ዘወትር የሚጠጡት ሴንቻ የሚባለው ሻይ ከእንፋሎት በኋላ እየታሸ ይጠቀለላል። የማቻው አይታሽም። እንደተበተነ በጡብ ምድጃ ይደርቃል። ከዚያ እንጨቱና የቅጠሉ ጅማት ይለቀማል። የሚተርፈው ስስ፣ ተሰባሪ ቅጠል ቴንቻ ይባላል። ቴንቻ ሲፈጭ ነው ማቻ የሚሆነው።

አሁን ወፍጮው ጋ ደረስን። በባህላዊው መንገድ ቴንቻ የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ነው። አንድ ወፍጮ በአንድ ሰዓት የሚያወጣው ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። በሰዓት! የእህቴ ልጅ ያመጣቻት ቆርቆሮ እንግዲህ አንድ ወፍጮ አንድ ሰዓት ሙሉ የዞረባት ናት። አፍጥነው እንዳይፈጩት ድንጋዩ ይግላል፤ ድንጋዩ ሲግል መዓዛውና ቀለሙ ይሄዳል። ጤፍ ወይም በርበሬ ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጨ ሰው ይህ አይጠፋውም። ከረጢቱን ስትቀበሉ ዱቄቱ እጅ ያሞቃል። ለእንጀራ ችግር የለውም። ለማቻ ግን ጉዳት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም አንድ ምክንያት አለው። ሌላውን ሻይ ስንጠጣ ቅጠሉን ነክረን እንጥለዋለን። ማቻ ላይ የሚጣል ነገር የለም፤ ቅጠሉን ራሱን እንውጠዋለን። ቅጠሉ መጥፎ ከሆነ መደበቂያ የለውም። ወተትና ስኳር ካልገባበት በስተቀር፤ እዚያ ላይ እንመለስበታለን።

ሻይን ፈጭቶ መጠጣት የጃፓን ፈጠራ አይደለም፤ ከቻይና የመጣ ነው። በ1191 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኤይሳይ የሚባል የዜን ቡድሂስት መነኩሴ ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ መጣ ይባላል። በ1211 ስለ ሻይ የጤና ጥቅም መጽሐፍ ጻፈ። የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደሚለው ደግሞ በ1214 የአገሪቱ ሾገን (የጦር ገዥ) ማታ ጠጥቶ ጠዋት ራሱን ሲያመው፣ ኤይሳይ ሻይ አቀረበለትና መጽሐፉንም ጨምሮ ሰጠው። ለሃንጎቨር ማለት ነው። ማስታወቂያ ያኔም ነበር።

ቻይና ውስጥ ግን ዱቄቱ እየጠፋ ሄደ። በ1391 የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ለቤተ መንግሥት የሚገበረው ተጠፍጥፎ የሚሠራ ሻይ ቀርቶ ቅጠሉ እንዳለ እንዲመጣ አዘዘ። ሕዝቡም ወደዚያው ዞረ። ጃፓን ግን የተማረችውን ይዛ ቀረች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሴን ኖ ሪክዩ የሚባል የሻይ ሊቅ ሥርዓቱን መልክ አስያዘው። ወርቅና ጌጥ ቀንሶ ሸካራ የሸክላ ስኒ አስገባ። የሻይ ቤቱን አጠበበው። በሩንም ዝቅ አደረገው፤ ጦረኛው ሳሙራይ ሰይፉን ውጭ ትቶ፣ አጎንብሶ ነው የሚገባው። ሪክዩ ያገለግለው የነበረው ገዥ ሂዴዮሺ በ1591 ራሱን እንዲያጠፋ አዘዘው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚያ በኋላ ማቻ ለብዙ ዘመን በዋናነት የሥነ ሥርዓት መጠጥ ሆኖ ኖረ። ጃፓናውያን ራሳቸው ዕለት ዕለት የሚጠጡት አልነበረም። ቀስ በቀስ አይስክሬም፣ ኬክ፣ ቸኮሌት ውስጥ ገባ። ቀጥሎ በረዶና ወተት መጣ። የቀረውን ቲክቶክ ጨረሰው።

በ2012 የጃፓን የማቻ ምርት 1,500 ቶን አይሞላም ነበር። በ2023 ከ4,000 ቶን አለፈ። እንግዲህ ምርቱ አልጨመረም ማለት አይቻልም፤ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ግን ፈላጊው ቀደመው። በ2024 ጃፓን ወደ ውጭ የላከችው አረንጓዴ ሻይ 36.4 ቢሊዮን የን (የን የጃፓን ገንዘብ ነው) ደርሶ ክብረ ወሰን ሆነ። የየኑ ምንዛሪ ስለወረደም በዚያው ዓመት ከ36 ሚሊዮን በላይ ቱሪስት አገሪቱን አጥለቀለቃት። ብዙው የድሮዋን ዋና ከተማ ኪዮቶን ሳያይ አይመለስም። ሲመለስም ቆርቆሮ ይዞ ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኢፖዶ እና ማሩኪዩ ኮያማኤን የተባሉት ስመ ጥር የኪዮቶ ሻይ ነጋዴዎች ለአንድ ገዢ የሚሸጡትን መጠን ገደቡ። ኢፖዶ ከ1717 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ዘይትና ስኳር ከሸማቾች ማኅበር በኮታ የወሰደ ሰው ነገሩን በደንብ ይረዳዋል። ቀጥሎ በ2025 ጸደይ ኪዮቶ ውስጥ በተደረገ አንድ ጨረታ የቴንቻ ዋጋ በኪሎ 8,235 የን ገባ። ከ2024ቱ በ170 በመቶ ይበልጣል። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ በ2016 የነበረው 4,862 የን ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ገና ያልተፈጨው ቅጠል ዋጋ ነው።

ታዲያ ለምን ብዙ አይተክሉም?

ይተክላሉ። ግን የሻይ ችግኝ ደህና ምርት እስኪሰጥ 5 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ምርጡ ማቻ የሚወጣውም ከመጀመሪያው የጸደይ ለቀማ ነው፤ ያ ካለፈ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው። ዳሱ ሰው ይፈልጋል፣ የጡብ ምድጃው ገንዘብ ይፈልጋል። ገበሬው ደግሞ እያረጀ ነው። በ20 ዓመት ውስጥ የጃፓን ሻይ አምራቾች ቁጥር ወደ ሩብ ወርዷል። ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። በዚህ ላይ የ2024ቱ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት የኪዮቶን ማሳዎች ስለጎዳ በቀጣዩ ጸደይ የተለቀመው አነሰ።

እስቲ ራሳችሁን በአንድ የ70 ዓመት ገበሬ ቦታ አስቀምጡ። ዛሬ ብትተክሉ የምትለቅሙት በ75 ዓመታችሁ ነው። ያኔ የካሊፎርኒያ ልጆች ማቻ ይጠጡ ይሆን፣ ወይስ ሌላ ቀለም ያለው ነገር ይዘው ይሆን? እኔ ብሆን አመነታለሁ።

የጃፓን መንግሥት ሴንቻ የሚያመርቱት ገበሬዎች ወደ ቴንቻ እንዲዞሩ እየገፋ ነው። ይህ ፈጠን ይላል፤ ተክሉ ያው ስለሆነ ዳስና ምድጃ ነው የሚጨመረው። በደቡብ ያለችው ካጎሺማ በዚህ ቀድማለች። መሬቷ ሜዳ ነው፣ ትልልቅ ማሽን ያስገባል። በ2024 በጠቅላላው የሻይ ምርት ለረጅም ዘመን አንደኛ የነበረችውን ሺዙኦካን ለመጀመሪያ ጊዜ በልጣ አንደኛ ሆናለች። ግን ያው ቅጠል ነው፤ ወደ ማቻ የሄደው ከሴንቻው ይቀነሳል። ስለዚህ የጃፓን አያቶች ጠዋት የሚጠጡት ሻይም መወደድ ጀምሯል። ሎስ አንጀለስ ያለ የእንጆሪ ማቻ ላቴ ኪዮቶ ያሉ አሮጊት ስኒ ውስጥ እጁን አስገባ ማለት ነው።

የኔ ግምት እንዲህ ነው። እጥረቱ የቅጠል አይደለም፣ የጊዜ ነው። ሦስት ሳምንት ጥላ፣ አንድ ሰዓት ወፍጮ፣ አምስት ዓመት ችግኝ። እነዚህን ገንዘብ አያፋጥናቸውም። የሚፋጠነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ።

«ማቻ» የሚለውን ቃል ማንም ቆርቆሮ ላይ መጻፍ ይችላል። ያለ ዳስ በፀሐይ የበቀለ አረንጓዴ ሻይ በፈጣን ማሽን ተፈጭቶ «ማቻ» ተብሎ ይሸጣል። ቻይናም ሥራውን አጥብቃ ይዛለች፤ በጉይጆ ክፍለ ሀገር ቶንግረን የምትባል ከተማ ዙሪያ በገፍ ይመረታል። የቻይና ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዱቄቱ ከመጀመሪያውም የቻይና ነበር። ሱቅ የቆመ ሰው ግን ልዩነቱን በምን ያውቃል?

ውጭ አገር ያላችሁ «ለሥነ ሥርዓት የሚሆን ደረጃ» የሚል ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ አይታችሁ ይሆናል። ዋጋውን በእጥፍ የሚሰቅለው እሱ ነው። ይህ ደረጃ ጃፓን ውስጥ በሕግ የሚታወቅ ነገር አይደለም። የውጭ ገበያ ያመጣው ነው። የጃፓን ነጋዴ የሚለየው ሌላ ነው፤ ለቀጭኑ ሻይ የሚሆነውን ኡሱቻ፣ ለወፍራሙ የሚሆነውን ኮይቻ ይላል። ኮይቻ ማለት እንደ ቀጭን አጥሚት የሚወፍር ነው፤ ያንን ለመሥራት ዱቄቱ በጣም ጥሩ መሆን አለበት።

«ኡጂ» የሚለው ስምም አያታላችሁ። ኡጂ ኪዮቶ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ የማቻ እናት ትባላለች። በሻይ ነጋዴዎቹ ደንብ ግን የኡጂ ሻይ ለመባል ቅጠሉ ከኪዮቶ፣ ከናራ፣ ከሺጋ ወይም ከሚዬ ሊመጣ ይችላል፤ ዋናው ኪዮቶ ውስጥ ተዘጋጅቶ መጠናቀቁ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የኒሺዮ ታሪክ ነው። ኒሺዮ አይቺ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለ የታወቀ የማቻ አገር ነው። በ2017 ስሙን በመንግሥት የጥበቃ መዝገብ አስገባ። በኒሺዮ ማቻ ስም ለመሸጥ በዳስ መጠለል አለበት፣ በድንጋይ ወፍጮ መፈጨት አለበት ተባለ። ጥሩ አይደል? በ2020 አምራቾቹ ራሳቸው ከመዝገቡ አስወጡት። አይስክሬምና ኬክ የሚሠሩት ኩባንያዎች በድንጋይ ለተፈጨ ዱቄት ያንን ያህል መክፈል አልፈለጉም። ጥበቃው ገበያ ነሳቸው። እኛ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ያን ሁሉ ተሟግተናል። ስም ማስጠበቅ ግማሹ ሥራ ብቻ ነው ለካ። ገዢው ለስሙ ካልከፈለ መዝገብ ብቻውን ምን ይረባል?

ስለ ጤናው ጥቂት ልበል፤ መቼም አንድ ሰው «ስብ ያቀልጣል» ማለቱ አይቀርም።

«ማቻ ከሌላ አረንጓዴ ሻይ 137 እጥፍ አንቲኦክሲዳንት አለው» የሚል ቁጥር በየቦታው ታገኛላችሁ። ቁጥሩ በ2003 ከወጣ ጥናት ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ጥናቱ 137 እጥፍ ያለው ከአንድ የተወሰነ የሻይ ዓይነት ጋር አወዳድሮ፣ ኢጂሲጂ የምትባለውን አንዲት ካቴኪን ብቻ ለክቶ ነው። እዚያው ላይ በሌሎች ጥናቶች ከተመዘገበው ከፍተኛ መጠን ጋር ሲወዳደር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ነው ይላል። ሦስትም ትንሽ አይደለም። ግን «ሦስት እጥፍ» የሚል ቆርቆሮ አይሸጥም፤ 137ቱ ተመረጠ።

ካፌይኑ ግን እውነት ነው። በ2 ግራም ማቻ ውስጥ 60 ሚሊግራም ገደማ አለ፤ ከአንዲት ማኪያቶ ጋር ይቀራረባል። ማታ ጠጥታችሁ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ ሻይ ነው ብላችሁ አትገረሙ። ለኛ ሰው የሚሻለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሌላ ነው። ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ቅጠሉ ሙሉውን ሲዋጥ ደግሞ ነገሩ አይሻልም። በጾም ወቅት አይረኑን ከጤፍና ከምስር የሚያገኝ ሰው፣ በተለይ ደም ማነስ ያለባት ሴት፣ ከምግብ ጋር ባትጠጣው ይመረጣል። አንድ ሰዓት ማራቅ ነው።

ወደ ቆርቆሮዋ ልመለስ። ጥፋቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ዱቄቱን አልነፋሁትም። ሁለተኛ፣ ውሃው። ማቻ የሚፈልገው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው። የፈላ ውሃ ያቃጥለውና መራራውን ብቻ ያወጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ ሰው ያነሰ ብንጠብቅም ይበቃናል። እኔ ውሃውን አንድ ስኒ ላይ አፍስሼ፣ ወደ ሌላ ስኒ ገልብጬ ነው ያበረድኩት።

ጃፓኖች የሚመቱት ቻሰን በሚባል ከአንድ የቀርከሃ ቁራጭ ተሰንጥቆ በሚሠራ መምቻ ነው። በብዛት የሚሠራው ናራ ውስጥ ታካያማ በምትባል መንደር ነው። እኔ ቻሰን የለኝም። በሻይ ወንፊት 2 ግራም ነፋሁ፤ ሞላ ያለች አንዲት የሻይ ማንኪያ መሆኗ ነው። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌ እንደ በሶ አሸሁት። ከዚያ 70 ሚሊሊትር ያህል ጨምሬ በትንሿ የእንቁላል መምቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መታሁት፤ ማዞር የለም። ስስ አረፋ ያዘ። ቀለሙ አዲስ የበቀለ ሣር መሰለ።

የእህቴ ልጅ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ወተትና በረዶ ልትጨምርበት ስትል እጇን ያዝኩት። በዚህ ላይ አቋም አለኝ። አንድ ሰዓት በድንጋይ የተፈጨን ነገር በስኳርና በወተት ማልበስ ቶሞካ ቡና ላይ ቅመማ ቅመም እንደመድፋት ነው። ለላቴ ርካሹ ይበቃል፤ እንዲያውም መራራ ስለሆነ ወተቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ጥሩውን በውሃ ጠጡት። ጃፓኖች ከመጠጣታቸው በፊት ጣፋጭ ነገር ይቀምሳሉ። እኛ ቤት ቴምር ነበር።

እናቴ አንድ ቴምር በላችና ፉት አለች። ዝም ብላ ቆየች። ሌላ ፉት አለች።

«አሁን ሽፈራው አይመስልም» አለች። «ጎመን ጎመን ይላል፣ ግን ያስጠጣል።»

ቆርቆሮዋን ማን እንዳስቀመጣት አላየሁም። ማቻ ብርሃንና ሙቀት አይወድም፤ ፍሪጅ ይሻለዋል። ሽታም ቶሎ ይስባል፤ ክዳኑ በደንብ መገጠም አለበት። በማግስቱ ፍሪጁን ስከፍት ክዳኗ ገርበብ ብሎ፣ ከንጥር ቅቤውና ከሚጥሚጣው መካከል ቁጭ ብላለች። እናቴን ጠየቅኳት። «ውድ ዕቃ አይደል፣» አለች፣ «ከውዱ ጋር አስቀመጥኩት።»